እናቴ ጣሊያን ቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አወለቀች

"ጣሊያን ድረስ ሄዳችሁ አዋረዳችሁን!" አለችኝ ዛሬ፣ እዚህ ላስቬጋስ ካዚኖ አብራኝ የምትሠራ ሐበሻ፣ የጉዟችንን ፎቶ ሳሳያት።

ፎቶው ላይ እናቴ ኮረብታ ላይ ወዳለች ጥንታዊ ከተማ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በባዶ እግሯ ቆማለች።

ቆይ፣ አንቺ ራስሽ እሁድ እሁድ ጫማሽን በር ላይ አውልቀሽ አይደል እንዴ የምትገቢው?

ታኮ ጫማዋን አንጠልጥላ በባዶ እግሯ ካዚኖውን የምታቋርጥ ቱሪስት ስታዪ ደግሞ "ማዳም" ብለሽ ፈገግ ትያለሽ!

እዚያ ጣሊያን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጠባቂ "ማውለቅ አያስፈልግም፣ ሰው የሚገባው ለመጎብኘት ነው" ብሎኝ ስነግራት፣ እናቴ "እኔ ልሳለም ነው የመጣሁት" አለች። እሱ እንኳን አሳለፋት።

እስቲ ንገሩኝ፣ በእናቴ ያፈረው ማን ነው? ፈረንጁ ወይስ የራሳችን ሰው?