የሞቴ ወሬ ቀድሞኝ አዋሽ ገባ

ይህ የደረሰብኝ በንጉሡ ዘመን መጨረሻ ላይ፣ በአዋሽ ሸለቆ የጥጥ እርሻው በተስፋፋበት ጊዜ ነው። ያኔ የሃያ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ሰባውን አልፌ፣ ያን ጊዜ ስሟ እንኳ ባልነበረ ከተማ፣ ሰመራ ከልጄ ጋር እኖራለሁ።

ነገሩን ያስታወሰኝ ባለፈው ሳምንት የተሳፈርኩበት ባጃጅ ነው። ሾፌሩ መንገድ ዳር የሚያውቀውን ሰው አየና ቆመ። ሁለቱ አፋሮች ዳጉ ጀመሩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ወጣት «ኧረ በናትህ እንሂድ!» ብላ ልትጮህበት ስትል ክንዷን ያዝ አድርጌ «ተይው ልጄ፣ ይጨርስ» አልኳት። ምን አገባሽ በሚል ዓይን አየችኝ። ለእሷ ያልነገርኳትን ለእናንተ ልንገራችሁ።

ዳጉ ማለት አፋር ከአፋር ሲገናኝ የሚለዋወጠው ወሬ ነው። ወሬ ስላችሁ ግን እኛ ሰፈር እንደምናወራው አይደለም። ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገራል፤ የሰማውም እንደዚያው አድርጎ ለሚቀጥለው ያደርሳል። በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው። ይህን የተማርኩት ሞቼ ነው።

እኛ የሰርከስ ቤተሰብ ነበርን። አባቴ በወጣትነቱ ከጅቡቲ በባቡር የመጣ የውጭ አገር ሰርከስ ድንኳን ተካይ አድርጎ ቀጠረው። ሰርከሱ አገሩ ሲገባ አባቴ ገመድ ላይ መራመድ ተምሮ ቀረ። እናቴን አግብቶም ክላውን አደረጋት። ያኔ ክላውን የሚለውን ቃል የሚያውቅ ስላልነበረ ሰው «አስቂኟ» ይላት ነበር። ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ፣ ፊቷን ነጭ ተቀብታ ሕዝብ መሀል ስትወድቅ ስትነሳ አይቶ የማያውቅ አገር ነው። የሰደባትም አለ፤ ስቆ ስቆ እንባው የወረደ ግን ይበልጣል።

እማዬ ልቧን መታመም ስትጀምር ሥራው ለእኔ ተላለፈ። ሰፊ ሱሪዋን፣ የፊት ቀለሟን፣ ከክንዴ የሚረዝመውን ጫማዋን ወረስኩ። እሷ አዋሽ፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በተከራየናት ቤት ተቀመጠች። ሐኪሙ ለአባቴ «ድንጋጤ አይሆናትም። ክፉ ነገር በድንገት እንዳትሰማ» ብሎ አስጠንቅቆታል። እኛ ለሥራ ስንወጣ ጎረቤቶቻችን የባቡር ሠራተኞች ሚስቶች ይጠብቋት ነበር።

እማዬ ራሷ የፈጠረችው «ሞት» የምንለው ትርኢት ነበረን። እንደ ሰካራም ገመድ ላይ እወጣለሁ፤ እወድቃለሁ። ስወድቅ የግራ እግር ጫማዬ ተፈናጥሮ የወንድሜን የግርማን ራስ ይመታዋል። ግርማ ራሱን እያሻሸ ይመጣና እጄን ይዳብሳል፤ ጆሮውን ሆዴ ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ አንሶላ በሚያህል መሀረብ ያለቅሳል። ከአባቴ ጋር ሆነው በሳንቃ ተሸክመው ያዞሩኛል። ሰዉ ዝም ጭጭ ሲል ባዶ እግሬ ብቻውን ከሳንቃው ላይ ተነስቶ ጫማውን ፍለጋ አየሩን ይዳብሳል። በመጨረሻ ብድግ ብዬ ጫማዬን አጠልቃለሁ። ያን ጊዜ የሚሰማው ሳቅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ መልካ ወረር አካባቢ በአንድ የጥጥ እርሻ ይህንኑ አሳየን። ከየአገሩ የመጡት ጥጥ ለቃሚዎች ከበውናል። ከእነሱ ራቅ ብለው ደግሞ ግመሎቻቸውን የያዙ አፋሮች ቆመው ያያሉ። ወደቅኩ፣ ጫማዬ በረረ፣ ግርማ አለቀሰ፣ ተሸከሙኝ። ገና ግማሽ ዙር ሳንሄድ ግን የዚያ አገር ነፋስ ተነሳ። አቧራው ሰማዩን ሸፈነው። ሰዉ ዓይኑን ይዞ ተበተነ። አባቴና ግርማ እንደተሸከሙኝ ሮጠው የጥጥ መጋዘን ውስጥ ከተቱኝ። እዚያ ተነስቼ አቧራዬን አራገፍኩ። ማንም ግን አላየኝም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት የአፋር ሽማግሌዎች አባቴ ዘንድ መጡ። አፋርኛ የሚችለው የእርሻው ዘበኛ አብሯቸው ነበር። አባቴ ወንበር አወጣላቸው፤ እኔ ውስጥ ሻይ እቀዳለሁ። ዘበኛው «ለልቅሶ ነው የመጡት፤ ልጅህን አላህ ይማራት ይላሉ» ሲል ሰማሁ።

ብርጭቆዎቹን ይዤ ስወጣ አንደኛው ሽማግሌ ፊቴን፣ ቀጥሎም እግሬን አየ። ምርኩዙን ይዞ ተነሳ። አባቴ ሳቁ አምልጦት ነገሩን ማስረዳት ጀመረ። ሽማግሌው አልሳቀም።

«ባለግመሎቹ ዓይናቸው ያየውን ነው የተናገሩት» አለ በዘበኛው በኩል። «ማታ በእርሻው መኪና ወደ አዋሽ የሄዱ ልጆቻችን ሰምተዋል። እስካሁን አዋሽ ገብቷል።»

አዋሽ ሲል አባቴና እኔ ተያየን። የአባቴ ሳቅ እዚያው ፊቱ ላይ ቀረ።

«መመለስ ይቻላል?» አልኩ።

«የወጣውን መመለስ አልችልም። እውነቱን ግን ከአሁን ጀምሬ እናገራለሁ» አለ ሽማግሌው። ሻዩን ሳይጠጣ ሄደ።

የእርሻው ቢሮ የመገናኛ ሬዲዮ ነበረው፤ የሚያነጋግረው ግን አዲስ አበባን ብቻ ነው። ለባቡሩ ጥጥ ጭኖ ወደ አዋሽ የሚነሳ አንድ መኪና አገኘን። ጋቢናው ውስጥ ለአንድ ሰው ቦታ ስለነበረ እኔ ገባሁ። «ከምንም በፊት ፊትሽን አሳያት» አለኝ አባቴ። በሩን ሊዘጋልኝ ሲል እጀታውን ሁለቴ ሳተው። አባቴን ገመድ ላይ እንኳ እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ሾፌሩ ጋሽ ከድር የሐረር ሰው ነው። «ጋሽ ከድር፣ እባክህ ፍጠን» እለዋለሁ። «ወላሂ ከዚህ በላይ አትሄድም። የጫንኩት ጥጥ ነው፤ አውሮፕላን አደረግሽኝ እንዴ?» ይለኛል። መንገዱ ኮረኮንችና አቧራ ነው። አንድ ጎማ ፈነዳ። እሱ ሲቀይር እኔ መኪናውን ስዞር ቆየሁ፤ ብሎኖቹን እያቀበልኩት ሁለቱን አሸዋ ውስጥ ጣልኩበት። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ እማዬ ደረቷን ይዛ ስትወድቅ ነው። እሷ ስትወድቅ ደግሞ ማንም አያነሳትም።

አዋሽ አርባ ልንደርስ ስንል ግመሎች መንገድ ሞልተው ይሻገራሉ። ጋሽ ከድር ቆመ። ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ አፋር ወደ መስኮቱ ቀረበና ዳጉ ጀመሩ። ጋሽ ከድር አፋርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። ስለ ዝናብ አወሩ፣ ስለ ውኃ አወሩ። ጥርሴን ነክሼ ጠበቅኩ። በመሀል ጋሽ ከድር ዞሮ አየኝ።

«ያንቺን ነው የሚነግረኝ» አለኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ምን ይላል?»

«ፊቷ ነጭ የሆነች ሴት በእርሻው ሞተች። ገመድ ላይ ወጥታ ወደቀች፤ የግራ እግር ጫማዋ ተፈናጥሮ ወንድሟን ራሱን መታው። ወንድሟ በትልቅ ጨርቅ አለቀሰ። በሳንቃ ተሸከሟት። አቧራ መጣ።»

የራሴን ሞት ቁጭ ብዬ ሰማሁ። «ከየት ሰማ? ጠይቀው!» አልኩ።

«ዛሬ ጠዋት፤ ከአዋሽ ከሚመለሱ ሰዎች።»

ከአዋሽ ከሚመለሱ! ወሬው ገብቶ፣ አድሮ፣ ተመልሶ እየመጣ ነው ማለት ነው።

«እኔ ነኝ በለው! አልሞትኩም በለውና እንሂድ!»

ሰውዬው በእኔ በኩል ዞሮ መጣ። ትክ ብሎ አየኝ። ካልሞተች ወንድሟ ለምን አለቀሰ ብሎ ጠየቀ። «ለሳቅ ነው በለው» አልኩ። ጋሽ ከድር ራሱን አከከ። «ሰው ሞተ ብሎ ማልቀስ ለምን እንደሚያስቅ በአፋርኛ ምን ብዬ ልንገረው?» አለ። እየተጨነቅኩ፣ እየተጣደፍኩ፣ እሱም እንደ ምንም እየተረጎመ አስረዳነው። ሰውዬው አንዷንም ነገር አላለፈም፤ ማን ተሸከመሽ፣ የት አስቀመጡሽ፣ መቼ ተነሳሽ አለ። አንዴ ልጮህበት አፌን ስከፍት ጋሽ ከድር በዓይኑ ገሠጸኝ።

በመጨረሻ ሰውዬው «እኔ ይህን ለሦስት ሰዎች ተናግሬአለሁ» አለ። «ሦስቱንም ፈልጌ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።» ግመሎቹን ለጓደኛው ትቶ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። በዚያ ፀሐይ፣ በእኔ ቀልድ የተነሳ! አፈርኩ። ግን ለማፈርም ጊዜ አልነበረኝም።

አዋሽ እንደደረስን ከመኪናው ዘልዬ ሮጥኩ። ከሩቅ ቤታችን በር ላይ ሴቶች ተኮልኩለው አየሁ። ነጠላቸውን ዘቅዝቀዋል። «አልቋል» አልኩ። ሌላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። የጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ቀና ብላ ስታየኝ «በስመ አብ!» ብላ ጮኸችና በሩን ለቀቀችልኝ።

ውስጡ ጸጥ ያለ ነው። እማዬ አልጋዋ ላይ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። እጇ ደረቷ ላይ ነው። ወተት የምታመጣልን የአፋሯ ፋጡማ እግሯ ሥር ተቀምጣለች። እማዬ አየችኝ። አላለቀሰችም፤ አልጮኸችም።

«ጫማው ራሱን ነው የመታው ወይስ ትከሻውን?» አለችኝ።

«ራሱን» አልኩ፤ እዚያው መሬት ላይ ተዘርግቼ አለቀስኩ።

የሆነውን በኋላ እትዬ ዘነበች ነገረችኝ። ጎረቤቶቻችን መሞቴን በጠዋት ሰምተዋል። እንደ አገራችን ወግ ደብቀው፣ ሽማግሌ ጠርተው፣ በማግስቱ ንጋት ላይ መርዶውን ሊነግሯት ተማክረው ነበር። ፋጡማ ግን እንደ ሁልጊዜው ወተቷን ይዛ መጣች። እማዬም እንደ ሁልጊዜው «ፋጡማ፣ ምን ወሬ አለ?» ብላ ጠየቀቻት። ሴቶቹ ከኋላ በጥቅሻ ቢሉ፣ በእጅ ቢሉ ፋጡማ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ «አስካለ፣ ልጅሽ ሞታለች አሉ። የሰማሁትን ሁሉ ልንገርሽ» አለች። አፏን ሊይዟት ሲነሱ እማዬ «ተዉአት!» አለች። ፋጡማ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረቻት። አምስት ይሁን ስድስት ሰው አፍ ውስጥ ያለፈው ወሬ ጫማው እንኳ ሳይጎድል፣ የግራ መሆኑ እንኳ ሳይለወጥ እማዬ ጆሮ ደረሰ።

እማዬ ሳቀች። ይሄ የእኔ ሥራ ነው፣ ልጄ ደኅና ናት አለች። ሴቶቹ አእምሮዋን የሳተች መስሏቸው «አዎ እትዬ፣ ደኅና ናት» እያሉ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ተቀመጡ። ያመነቻት ፋጡማ ብቻ ነበረች።

እንደ እኛ ወግ ቢሆን ኖሮ «በርቺ፣ የእግዜር ሥራ ነው» ብቻ ብለው እዚያው ይገድሏት ነበር። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ዛሬም ይዘገንነኛል።

እኔና እማዬ ብቻችንን ስንሆን «ፈራሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

«ሞታለች ካለችኝ ጀምሮ ጫማው ጋ እስክትደርስ ልጅ አልነበረኝም» አለች። «ምን ያህል እንደሚረዝም አታውቂም።»

ከዚያ ወዲህ ነፋስም ይምጣ ዝናብ፣ ከወደቅኩበት ተነስቼ ለሰዉ ሳልታይ ከሜዳ ወጥቼ አላውቅም።

እማዬ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ስትሞት እኔ ለሥራ ድሬዳዋ ነበርኩ። «ትንሽ አሟታል» ብለው አዋሽ ጠሩኝና ጎረቤት ቤት አሳደሩኝ። ንጋት ላይ ሽማግሌዎች ገብተው «አይዞሽ» አሉኝ። እንዴት ሆነች፣ ምን አለች ብል ማንም የሚነግረኝ አጣሁ፤ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ሊመሽ ሲል ፋጡማ መጣች። አርጅታለች። አጠገቤ ተቀምጣ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ ጠዋት ወተቱን ይዛ ስትገባ እማዬ በየትኛው ጎኗ እንደተኛች፣ ውኃ እንደጠየቀቻት፣ ሁለቴ ብቻ እንደተጎነጨች፣ ስሜን እንደጠራች።

አፍ አፏን እያየሁ እስከ መጨረሻው ሰማኋት። እንደ ሞኝ ጫማው ጋ እስክትደርስ እየጠበቅኩ ነበር። ጨረሰች። ጫማ አልነበረም።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ፋጡማን ግን እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ። ምንም አልደበቀችኝም።