የዳማው ዋስ

«አንቺ የዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልረገጥሽ ልጅ፣ የእንግሊዝ አገር ፈቃድ ልትመረምሪ ነው?»

ይህን ያለኝ የእህቴ ባል ነው፤ አባቴ ቤት፣ አባቴ ፊት፣ ምሳ ሊቀርብ እጅ ሲታጠብ። አስታጣቢዋ እኔ ነበርኩ። እየሳቀ ነው ያለው። እየሳቁ በተናገሩት ነገር ብትቆጪ ደግሞ ጥፋተኛዋ አንቺ ነሽ። «አዎ፣ ልመረምር ነው» አልኩትና ውሃውን እጅጌው ላይ አፈሰስኩበት። አባቴ አየኝ። ሳላስበው ነው ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። አስቤ ነበር።

የእህቴ ባል ዳንግላ ሁለተኛ ደረጃ ያስተምራል። እኔም ጋሼ ነው የምለው። ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም፤ አንዴ ሰድቤው እገላገል ነበር። እህቴ በወለደች ጊዜ የሕፃኑን ጨርቅ አጥቦ፣ ጎረቤት እየሳቀበት፣ ደጅ ላይ የሚያሰጣ ወንድ ነው። ደመወዙ ከወሩ አልገጥም ሲለው የሥራ ባልደረቦቹ ቴሌግራም ላይ አንድ ነገር አሳዩት። በስልክ የውጭ አገር ገንዘብና ወርቅ የሚገዛና የሚሸጥ ድርጅት ነው። ብርህን ትሰጣቸዋለህ፣ እነሱ ይነግዱልሃል፣ ትርፉ ስልክህ ላይ ይታይሃል። ጋሼ «ብሮከር» ይለዋል። አባቴ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቆ ከተረዳ በኋላ «ደላላ ነው በለኛ» አለው።

«እንደሱ ነው አባባ። ግን ፈቃድ ያለው ነው።»

«የት ነው የሚቆመው?»

አባቴ ዘንድ ደላላ ማለት ከፈረሱ ጎን ዱላ ይዞ የሚቆም ሰው ነው። ጋሼ ለንደን ብሎ መለሰለት።

አባቴ ሞኝ አይደለም። በእኛ አገር፣ በዘንገና ሐይቅ ዙሪያ፣ ፈረስ ሊገዛ ገበያ የሚወጣ ሰው እሱን ለምኖ ይዞ ነው የሚወጣው። ጥርሱን ከፍቶ ያያል፣ ኮቴውን አንስቶ ይዳብሳል፣ አስሩጠው ይላል። ይሄን ሁሉ አይቶ ወዶት እንኳ ዋስ ካልተጠራ ብር አያወጣም። እኛ ጋ ፈረስ ያለ ዋስ አይሸጥም። ሻጩ፣ ገዢው የሚያውቀውን ሰው አምጥቶ ያቆማል፤ ነገ ፈረሱ የተሰረቀ ነው ተብሎ ባለቤቱ ቢመጣ የሚያዘው ያ የቆመው ሰው ነው። አባቴ የለንደኑንም ደላላ የጠየቀው እንደ ፈረስ ነው። ማን ያውቀዋል? ቢክደን ማንን እንይዛለን?

ጋሼ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «አባባ፣ ዋሱ እኔ ነኝ።»

አባቴ መጠየቁን አቆመ። ፊቱን እያየሁት ነበር። የድርጅቱ ጉዳይ እዚያ ላይ አለቀ፤ ከዚያ ወዲያ የሚመረመረው አማቹ ሆነ፣ አማች ደግሞ አይመረመርም።

ጋሼ አባቴም ብር እንዲያስገባ ነው የፈለገው፤ ቤታችን ውስጥ ደግሞ ቶሎ ብር የሚሆን ነገር አንድ ብቻ ነው። ለከሰል የተከልነው የዲከረንስ ዛፍ ገና ቀጭን ነው፤ ድንቹም ተሸጦ አልቋል። የቀረው ዳማው ነው። ዳማው የአባቴ ፈረስ ነው፤ ጥር ላይ ፈረሰኞች ሲወጡ ግላስ ለብሶ፣ አባቴን ተሸክሞ፣ ከፊት የሚሄደው። እናታችን ከሞተች ወዲህ አባቴ ጠዋት ሲነሳ መጀመሪያ የሚያናግረው እሱን ነው። ይህን የምለው አንጀት ለመብላት አይደለም፣ እንዲያው ስለሆነ ነው። እኛን የሚያናግረን ዳማው ውሃ ከጠጣ በኋላ ነው።

እኔ እንጅባራ፣ አባቴ ዛሬም ድረስ ቆሰበር በሚላት ከተማ፣ አንድ ሱቅ ውስጥ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር እሸጣለሁ። ደንበኛ ከሌለ ስልክ ከመጎርጎር በቀር ሥራ የለም። ስለዚህ እንዳልኩት መረመርኩ። ጋሼ የፈቃዱን ፎቶ ልኮልኛል፤ ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ቁጥር አለው። ለካ የዚያ አገር ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የሰጣቸውን ድርጅቶች ማንም ገብቶ እንዲያያቸው ድረ ገጹ ላይ ዘርዝሮ አስቀምጧል። ይህን እኔም አላውቅም ነበር። ኔትወርኩ ገጹን ግማሽ ድረስ ከፍቶ ይቆማል። ደንበኛ ይመጣል፣ ሽፋን እሸጣለሁ፣ ተመልሼ እጠብቃለሁ። በመጨረሻ ቁጥሩን አስገባሁት። ወጣ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተናደድኩ፤ እጅጌው ላይ ውሃ ያፈሰስኩት በከንቱ ሊሆን ነው።

ዝቅ ብዬ ሳነብ ግን ቁጥሩ የሌላ ድርጅት ሆኖ ተገኘ። ስሙ ያንኑ ይመስላል፤ አድራሻው ሌላ ነው፣ ስልኩ ሌላ ነው፣ ድረ ገጹ ሌላ ነው። ከሥሩ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል። ያልገባኝን ቃል ስልኬን እያስተረጎምኩ አነበብኩት። የዚህን ድርጅት ስምና የፈቃድ ቁጥር ይዘው ሰው የሚያታልሉ አሉ፣ ከእነዚህ ድረ ገጾች ተጠንቀቁ ይላል። ከተዘረዘሩት አንዱ ጋሼ ስልክ ላይ ያለው ነው። ደጋግሜ አስተያየሁት። እሱው ነው።

የአገራችንንም አየሁ። እንዲህ ላለው ንግድ እዚህ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት ባወጣው ዝርዝር ውስጥ የለም። በመጨረሻ ለራሱ ለድርጅቱ ጻፍኩለት፤ ቢሯችሁ የት ነው አልኩ። «ውድ ደንበኛችን፣ በስንት መጀመር ይፈልጋሉ?» አለኝና አበባ ላከልኝ። ቢሯችሁ የት ነው ብዬ ደገምኩ። ሌላ አበባ ላከልኝ።

ከዚያ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ወንበርና ማኅተም ያለው፣ አባቴ የሚሰማው፣ ጋሼም «ዩኒቨርሲቲ አልገባህም» የማይለው ሰው ይንገርልኝ ብዬ ነው። ባንክ ያለችው ልጅ ይሄ እኛን አይመለከትም አለችኝ፤ ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ብቻ እንዳታስገቡ አለችኝ። ይህንኑ በወረቀት ጻፊልኝ ስላት ሳቀች። ንግድ ፈቃድ የሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ፤ ሰውየው የድርጅቱን የቤት ቁጥር ጠየቀኝ። ቤት የለውም፣ ስልክ ውስጥ ነው ያለው አልኩት። ሱቅ የሌለውን ምኑን እናሽግልሽ አለኝ። እውነቱን ነው፣ ምኑን ያሽጉታል። ፖሊስ ጣቢያ ግን አንድ በዕድሜ የገፉ ሰውዬ ወንበር ሰጥተው እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ተወሰደባችሁ?»

«አልተወሰደብንም። ሊወሰድብን ነው።»

«ታዲያ ምን ብዬ ልመዝግበው ልጄ? ሲወሰድባችሁ ነይ።»

ክፋት የለባቸውም። ከነዚህ ሁሉ ሰዎች አንዱም ክፋት የለበትም፤ እኔን ያበሸቀኝ ይሄ ነው። አንዱ እንኳ ቢያመናጭቀኝ የምጣላው ሰው አገኝ ነበር።

እሑድ ወደ ቤት ወጣሁ። ጋሼና እህቴ ልጃቸውን ይዘው ከዳንግላ መጥተዋል። ያነበብኩትን ሁሉ ፎቶ አንስቼ ይዣለሁ። ለአባቴም በሚገባው መንገድ ልነግረው መንገድ ለመንገድ ሳብሰለስል ነው የመጣሁት።

«አባባ፣ አንድ ሰው ገበያ ላይ የእርስዎን ስም ጠርቶ፣ እሳቸው ዋሴ ናቸው ብሎ ፈረስ ቢሸጥ፣ እርስዎ ግን ሰውየውን አይተውት ባያውቁ፤ ይሄ ማለት ነው። ስሙ እውነት ነው። ሰውየው ግን አልመጣም።»

ገባው። እንደገባው ከአቀማመጡ አወቅኩ።

ጋሼ ቅርንጫፉ ነው አለ። ስሙ የተለየው ቅርንጫፍ ስለሆነ ነው፤ ማስጠንቀቂያውን ያስጻፉት ተፎካካሪዎች ናቸው፤ የአገራችን ዝርዝር ደግሞ የአገር ውስጦቹን እንጂ የውጭዎቹን አይጨምርም። ለሁሉም መልስ አለው። ከዚያ ስልኩን አወጣና ለአባቴ አሳየው። ያስገባው ብር ከነትርፉ በአረንጓዴ ተጽፎ ይታያል።

«እስቲ አውጣው» አልኩት። «አሁን። ለልጅህ ጫማ የሚሆን ብቻ።»

ለማውጣት ደረጃውን ከፍ ማድረግ ይጠይቃል አለኝ። ደረጃው ከፍ የሚለው ሌላ ሲጨመርበት ነው።

አባቴ ስልኩን ተቀበለው። የቅርቡን ዓይኑ ስለማያይለት ክንዱን ዘርግቶ ራቅ አድርጎ ያዘው።

«ታየዋለህ እንጂ አትነካውም ማለት ነው?»

«ለጊዜው ነው አባባ።»

እህቴ ጥግ ላይ ልጇን እያጠባች ነበር፤ ቀና አላለችም። ያስገቡት ጥቂት እንዳልሆነ ያኔ ነው የገባኝ። ምን ያህል እንዳስገቡ ጠየቅኋት። የመለሰልኝ ጋሼ ነው። ለቤት መሥሪያ ያጠራቀሙትን በሙሉ። በቅርቡ ካልተጨመረበት አካውንቱ ይዘጋል ብለው ጽፈውለታል። ድምፁ ክፍል ውስጥ የሚያስተምርበት ድምፅ አልነበረም።

«ጋሼ፣ ሌቦች ናቸው።»

«እኔን ነው ሌባ የምትይው?»

«አንተን አላልኩም።»

«ዋሱ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

አባቴ ተይ አለኝ። ተውኩ። ሳህኑን ሰብስቤ ስወጣ እህቴ ጓሮ ድረስ ተከትላኝ መጣች። ልጇን እንዳቀፈች «ቤቴን አታፍርሺብኝ» ብላኝ ተመለሰች።

አባቴ ዳማውን ውሃ ሊያጠጣ ሲወርድ አብሬው ወረድኩ። የተነጋገርነው በአዊኛ ነው። ጋሼ የተወለደው ራቅ ብሎ ነው፣ አዊኛ አይሰማም፤ አባቴም የልቡን ሲናገር በአዊኛ ነው። ያልኩትን ሰምተዋል ወይ አልኩት። ሰምቻለሁ አለኝ። አምነውኛል ወይ? አምኜሻለሁ። ታዲያ ብሩን ለምን ይሰጡታል? ዳማው ጠጥቶ አፉን ከውሃው አነሳ።

«ደረቱን ይዞ ዋስ ነኝ ያለኝን የልጄን ባል አላምንህም ልበለው? እንዲህ ካልኩት ከዛሬ ወዲያ እዚህ ቤት አይገባም። እሷም አትገባም። ሕፃኑም።»

«ብሩ እኮ ይጠፋል።»

«ይጠፋል።»

«ዳማውስ?»

የዳማውን ጋማ በጣቶቹ እያበጠረ ሽቅብ ይዞት ወጣ።

ያን ሳምንት ሙሉ ለጋሼ ማስጠንቀቂያውን፣ ፎቶውን፣ ሌሎች የተበሉ ሰዎች የጻፉትን ላክሁለት። እንዳየው ስልኬ ያሳየኛል። አልመለሰልኝም። አንድ ቀን ብቻ «ተይኝ እባክሽ» ብሎ ጻፈ። ይሄንን ካነበብኩ በኋላ ነው እሱም እንደሚያውቅ የጠረጠርኩት። ከዚያ በኋላ አልላክሁለትም።

በገበያው ቀን ሱቁን ለጎረቤት አደራ ሰጥቼ ፈረስ ገበያ ሄድኩ። ምን ላደርግ እንደሆነ አላውቅም፤ ሱቅ ውስጥ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። ገዢው የጥሊሊ ሰው ነው። የዳማውን ጥርስ አየ፣ ኮቴውን አነሳ፣ አስሮጠው፣ እንደገና ኮቴውን አነሳ። አባቴ ሌላ ሰው ሲገዛ ቆሞ እንደሚያየው አድርጎ ቆሞ አየው። ጋሼ ጫማውን ጭቃ እንዳይነካው ዳር ዳሩን ይላል። በዋጋ ተስማሙ። ገዢው ወደ አባቴ ዞረ።

«እንግዲህ ዋስ ይጥሩ።»

አባቴ ዞር ዞር ብሎ ሳያይ ጋሼ ወደፊት ወጣ። «እኔ አለሁ።»

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየው። «አንተን ማን ያውቅሃል?»

«ዳንግላ መምህር ነኝ።»

«መምህርነትህን አልጠላሁም ጌታው፤ ግን አላውቅህም። ነገ አንድ ነገር ቢመጣብኝ ማን ብዬ ነው ዳንግላ ድረስ የምሄደው?»

«መታወቂያ አሳየው እንጂ» አለ አንዱ ከኋላ። የቆሙት ሁሉ ሳቁ።

ጋሼ ወደ ኋላ ተመለሰ። አባቴንም አላየውም፣ እኔንም አላየኝም። አባቴ ከወዲያ በኩል ጨው የሚሸጡትን፣ ጥሊሊ ገበያም የሚውሉትን ሽማግሌ ሙስሊም ነጋዴ አስጠራ። ሽማግሌው እጃቸውን ከጨው እያራገፉ መጡ፤ ገዢውን በስሙ ጠርተው፣ ወደ አባቴ እየጠቆሙ፣ የእሱ ፈረስ ከሆነ እኔ አለሁ አሉት። አለቀ። ብሩ ከሰውየው እጅ ወደ አባቴ፣ ከአባቴ እጅ ወደ ጋሼ ሄደ። ጋሼ ስልኩን ከፍ አድርጎ ኔትወርክ ፍለጋ ወደ አስፋልቱ ወጣ።

አባቴ የዳማውን መቀነቻ ፈታ፤ ኮርቻው ከሽያጩ ውጭ ነው። ግላሱን አጣጥፎ ከላዩ አደረገና ኮርቻውን አስታቀፈኝ።

«ቤት አድርሺው» አለኝ፣ በአማርኛ።

ኮርቻውን እንደታቀፍኩ በፈረሶቹ መሐል አልፌ ወደ ባጃጆቹ ወረድኩ። ፈረሱስ የት ቀረ አለኝ ባለ ባጃጁ እየሳቀ። ወደ ዘንገና ንዳው አልኩት። ኮርቻውን አስገባሁ፣ ከጎኑ ተቀመጥኩ፣ ሄድን።