ሁለተኛው ገመድ

ኮምፒውተሩን ከሰፈራችን ከዘንዘልማ እስከ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ድረስ የወሰድሁት እኔ ነኝ፤ ባጃጅ ውስጥ፣ በጋቢ ጠቅልዬ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጬ። ልጄ ስክሪኑን አቅፋ አጠገቤ ተቀምጣለች። ባጃጁ ጉድጓድ በገባ ቁጥር «ቀስ በል አንተ!» እላለሁ። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ «እማማ፣ አራስ ነው እንዴ የጫንሁት?» ይለኛል።

ፍተሻው ጋ ስንደርስ ውረዱ ተባልን። ወታደሩ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ አየ።

«ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተር ነው» አለች ልጄ።

«ምን ትሠሪበታለሽ?»

«ኮከብ።»

በዚህ ጊዜ ለፈታሽ እንዲህ ተብሎ ይመለሳል? ወታደሩ ግን ሳቀ። «ኮከብ በጋቢ ታቅፎ ይኬዳል እንዴ፣ እናቴ? ሂዱ በሉ» አለን። እሱ ሳቀ እንጅ እኔ እስከምንሄድበት አዳራሽ በር ድረስ ወደ ኋላዬ እየዞርሁ አየሁ።

እንደዚህ ነኝ እኔ። ድሮ ደቅ ደሴት ስናድግ ማዕበሉን በታንኳ እየቀዘፍን የምንሻገር ልጆች ነበርን። አሁን መንገዱ አንድ ቀን ተከፍቶ አንድ ቀን ሲዘጋ፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ፣ ከሩቅ ጧ ሲል በር ዘግተን ስንቀመጥ፣ ፍርሃት ቤተኛ ሆነብኝ። አባቷ ካረፈ ወዲህ ያለችኝ እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ ሁለተኛ ዲግሪ የምትማረውን፣ በቁመት የምትበልጠኝን ልጅ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ አደርሳታለሁ፣ እመልሳታለሁ። በርበሬና ሽሮ ነው የምሸጠው፤ የሳምንቱ ገበያ ቢቀርብኝ ይቅር ብዬ ተከተልኋት። እኔ የተማርሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የምጽፈውም እንደማወራው ነው።

የሄድንበት ነገር ዓውደ ጥናት ይባላል። ልጄ እንዳስረዳችኝ፣ ሰማዩን ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስመስል ፕሮግራም አለ። የጋዝ ደመና ትሰጭዋለሽ፤ ደመናው በገዛ ክብደቱ እየተሰበሰበ፣ እየጠበበ፣ እየጋለ ይሄድና መሐሉ ላይ ኮከብ ይወለዳል። በእውነተኛው ሰማይ የሰው ዕድሜ የማይደርስበትን፣ ኮምፒውተሩ በቀናት አስልቶ በሥዕል ያሳያል። በዚህ ፕሮግራም የሚሠሩ ሰዎች ከየከተማው መጥተው ሳምንቱን አብረው ሊሠሩ ነው። ኔትወርኩ ስለማይታመን ሁሉም የየራሱን መሣሪያ ይዞ እንዲመጣ ተነግሯል። ሌላው ላፕቶፑን በቦርሳ አንጠልጥሎ መጣ። የኛው ከዚህም ከዚያም በተለቃቀመ ዕቃ የተገጣጠመ፣ መብራት ከተቋረጠበት በዚያው ጸጥ የሚል ትልቅ ሣጥን ነው። ለዚህ ሲባል አዘጋጆቹ አንድ የባትሪ ሣጥን ተውሰው ከሥሩ አኖሩለት። የባትሪው ሣጥን ከግድግዳ ይቀበላል፣ ኮምፒውተሩ ከባትሪው ይቀበላል። መብራት ቢጠፋ ባትሪው ይይዘዋል።

ከውጭ የመጡ አንዲት መምህርት ነበሩ፤ ፕሮግራሙን ከጻፉት ሰዎች አንዷ ናቸው። ዕድሜያቸው እንደኔ ነው፤ ፀጉራቸው ሽበት ጥሎበታል። አንድ ተማሪ ወደ አገራቸው ወስደው ሊያስተምሩ ይፈልጋሉ። ልጄ ይህን የነገረችኝ ባጃጅ ውስጥ ነው፣ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ።

«ደመናዬ እስከ ዓርብ ኮከብ ካወጣ አሳያቸዋለሁ። ዓርብ ከሰዓት በአውሮፕላን ይመለሳሉ።»

«ካላወጣስ?»

«ካላወጣማ ምኑን አሳያቸዋለሁ?»

«እግዜር ያውቃል» አልሁ። ሆዴ ግን ሁለት ቦታ ተከፈለ። በየቀኑ መንገድ መንገዱን ከማይ፣ እዚያ ሄዳ ሰላም ብታገኝ እላለሁ። ዞር ብዬ ደግሞ፣ ብትታመም ማን ውሃ ያቀብላታል እላለሁ። ሁለቱም ፍርሃት ነው፤ የትኛው እንደሚበልጥ አላውቅም ነበር።

ከኋላ፣ ከኮምፒውተሩ አጠገብ የሽቦ ወንበር ሰጡኝ። ጠዋት ጠዋት አንድ ልማድ አላቸው፤ እያንዳንዱ ይነሳና የተበላሸበትን ይናገራል። በደንብ የሠራለትን አይደለም፣ የተበላሸበትን። አንዱ «ትናንት ደመናዬ ፈነዳብኝ» ይላል፤ ሌላው «የኔም ፈነዳ» ይላል፤ አዳራሹ ይስቃል። እኔ ፈነዳ በተባለ ቁጥር ወንበሬ ላይ እዘላለሁ። ከልጄ ጋር የሚማር አንድ ባለ መነጽር የጎንደር ልጅ ይህን አየብኝ።

«እማማ፣ አይዞዎት፤ የፈነዳው ደመናው ነው፣ እኛ ደህና ነን።»

«አፍህን ቁርጥ ያርገው፣ ሌላ ቃል የላችሁም?»

«ዛሬም ዘብ ነዎት?»

«ልጄን ነው የምጠብቅ።»

«እንግዲያው እኛንም ደርበው ይጠብቁን!»

ሳቅሁ። በዚያ ሳምንት ከልቤ የሳቅሁት ያኔ ብቻ ነው።

ሐሙስ ቀን ሁሉም ለምሳ ሲወጣ ልጄ «እማዬ፣ እስክመለስ ተቀመጪለት፤ ማንም እንዳይነካው» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ቀዩ ደመና እንደ ሊጥ እየተሰበሰበ ነበር። ነገ ጠዋት ኮከቡ ይወጣል ብላ ፊቷ በርቷል።

ግንቦት ነው፤ ፀሐዩ ሲያቃጥል አረፈደና ከሐይቁ ማዶ ሰማዩ ጠቆረ። ነፋሱ መስኮቱን መታው። ከዚያ ብልጭ አለና አዳራሹ ነጭ ሆነ፤ ወዲያው ተከትሎ መሬቱ የተሰነጠቀ መሰለኝ። የባሕር ዳር ሰው መብረቅ ሲመጣ የሚያደርገውን ማንም ያውቃል፤ ሶኬት ይነቀላል፣ ሞባይል ይጠፋል፣ መስታወት ይሸፈናል። ልጅ ሆኜ ደቅ ላይ ዛፍ ሥር የተጠለሉ ከብቶቻችንን መብረቅ አንድ ላይ አስተኝቷቸዋል። አምና ደግሞ የጎረቤቴን ቴሌቪዥን በሶኬቱ ገብቶ አጭሶታል። አላሰብሁም፤ እጄ ነው ያሰበው። የባትሪውን ገመድ ከግድግዳው ነቀልሁት።

ያን ጊዜ የባትሪው ሣጥን ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ እያለ ይጮህ ጀመር። ስክሪኑ ግን እንደበራ ነው። ደመናውም እንዳለ ነው። እኔ ጩኸቱን ፈራሁ፣ ሊፈነዳ ነው አልሁ። እንደገና ነጎደ። ሁለተኛውን ገመድም፣ ከባትሪው ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄደውን፣ ጎትቼ ነቀልሁት። ስክሪኑ ጠቆረ። ሣጥኑ መጮሁን ቀጠለ።

ልጄ በዝናብ በስብሳ ገባች። በሩ ላይ ቆመች።

«ማን ነካው?»

«መብረቅ ነው ልጄ፣ አልሰማሽውም? እንዳይቃጠልብሽ ብዬ…»

ተንበርክካ ገመዶቹን አየች። ቀና ስትል ድምጿ አልጮኸም። ቢጮህ በተሻለኝ።

«የግድግዳውን ነቀልሽ፤ እሺ። ባትሪው ይዞት ነበር። ሁለተኛውን ለምን ነቀልሽው?»

«ጮኸብኝ።»

«እንዳልሄድ ነው?»

ባለ መነጽሩ ልጅ ከኋላዋ ደርሶ ነበር። «ኧረ ተይ! እማማን ምን አድርጊ ትያቸዋለሽ? ፕሮግራሙ የደረሰበትን በየመሐሉ ያስቀምጥ የለ? ከዚያ ይነሳል።»

«መጨረሻ ያስቀመጠው ጠዋት ነው» አለች። «የጠዋቱ ሥራ ሁሉ እንደገና ሊሠራ ነው። ለነገ አይደርስም።» ገመዶቹን መልሳ ሰካች፤ ደመናው ተመልሶ መጣ፣ ግን ሰፍቶ፣ ላልቶ፣ ጠዋት የነበረውን መስሎ።

ወደ ዘንዘልማ ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። ፍተሻው ጋ ስንወርድ እንኳ እጄን አልያዘችኝም። እኔ የመጀመሪያውን ገመድ ማን እንዳስነቀለኝ አውቃለሁ፤ መብረቁ ነው። ሁለተኛውን ግን እያገላበጥሁ አየሁት። ጩኸቱ ነው እላለሁ። ጩኸቱ ብቻ ነው ወይ? እላለሁ። ስክሪኑ እንደበራ አይቻለሁ እኮ። እጄ ያኔ ምን እንዳሰበ እጄን ብጠይቀው አይነግረኝ።

ዓርብ ተራዋ ደረሰ። ተነስታ በእንግሊዝኛ ተናገረች፤ ስክሪኑን አሳየች፤ ደመናው ቀልቷል፣ ጠቧል፣ ኮከብ ግን የለም። መሐል ላይ አንድ ነገር ስትል አዳራሹ ሳቀና ሁሉም ወደኔ ዞረ። ነጠላዬን ፊቴ ላይ ሳብ አደረግሁ።

«ምን አለች?» አልሁት ባለ መነጽሩን።

«እናቴ ከመብረቅ አዳነችው ነው ያለች።»

እንደዚያ ትበል፣ ለኔ ብሎ ያስተካክለው፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። መምህርቷ ጎንበስ ብለው ደመናውን አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደሚቀጥለው ተማሪ አለፉ። ልጄ ተቀመጠች።

ከምሳ በኋላ ሁሉም ሐይቁ ዳር ፎቶ ሊነሳ ወጣ። የመምህርቷ ሻንጣ ተጭኗል፤ ከፎቶው በኋላ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። ልጄ እየወጣች ነበር፤ ተመለሰች።

«እማዬ፣ ተቀመጪለት።»

«እኔ?»

«አንቺ። መሐሉ ላይ ነጭ ነጥብ ካየሽ በመስኮት ጥሪኝ።»

አትንኪው አላለችኝም። ገመዱንም አላሳየችኝም። አየችኝና ሄደች።

ብቻዬን ቀረሁ። ሐይቁ እንደ ትናንቱ ጠቆረ። ከሩቅ ጉርምርም አለ። እጆቼን ከጭኖቼ ሥር ከተትኋቸውና ተቀመጥሁባቸው። ብልጭ ሲል ዓይኔን ጨፈንሁ። ሲነጉድ «ጊዮርጊስ!» አልሁ። ገመዱ እግሬ አጠገብ ነው፣ በእግር ጣቴ ብገፋው ይወጣል። ሰውነቴ ሁሉ ንቀይው ይለኛል። አልተነሳሁም።

ዓይኔን ስገልጥ ነጥቡ ነበር። የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጭ፣ ቀዩ መሐል። አቧራ መስሎኝ በነጠላዬ ጫፍ ስክሪኑን ጠረግሁት፤ አልጠፋም። እያየሁት ደመቀ።

መስኮቱ ጋ ሄድሁ። ታች፣ የውሃው ዳር፣ ፎቶውን ጨርሰው ወደ መኪና እየሮጡ ነው፤ የዝናቡ ጠብታ ጀምሯል። መምህርቷ የመኪናውን በር ይዘዋል። ልጄ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ዝም ብል ማንም ምንም አይለኝም። መስኮቱ ጠንክሮብኝ ነበር ብል፣ ሳላየው ቀረሁ ብል፣ እሷም ታምነኛለች። መኪናው ይሄዳል። እኛም በባጃጃችን ወደ ዘንዘልማ እንመለሳለን፤ ማታ አጠገቤ ናት።

መስኮቱን ከፈትሁት። ዝናቡ ፊቴ ላይ መጣ።

«ወጣ!» አልሁ። ድምፄ አልደረሰም። ደቅ ላይ ታንኳ በምንጠራበት ድምፅ፣ እጄን አፌ ላይ አድርጌ ደገምሁት። «ኮከብሽ ወጣልሽ! ነይ!»

ዞረች። መምህርቷንም በክንዳቸው ይዛ ስትሮጥ አየሁ።

እያለከለኩ ገቡ። ሁለቱ ስክሪኑ ላይ ተደፉ። መምህርቷ ጠየቁ፣ ልጄ መለሰች፣ ጠየቁ፣ መለሰች። የመኪናው ሹፌር ደጋግሞ ጥሩንባ ነፋ፤ መምህርቷ ዞርም አላሉ። ያሉት አንድ ቃል አልገባኝም። የልጄ ፊት ግን ይነበባል፤ ሳትነግረኝ እንደምትሄድ አወቅሁ፤ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥሁ።

ስትመጣ እጇ በረዶ ነበር። ዝናብ ያበሰበሰውን እጇን ጉልበቴ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለችና ከጠረጴዛው ሥር አየች። ሁለቱም ገመዶች እንደተሰኩ ናቸው።

«መብረቁስ፣ እማዬ?»

«ነጎደ።»

«አንቺስ?»

«እጄ ላይ ተቀምጬ ነበር» አልሁና እጆቼን አሳየኋት። የወንበሩ ሽቦ መዳፌ ላይ ቀይ መስመር አውጥቷል። መስመሩን በአውራ ጣቷ አሻሸችው። ውጭ እንደገና ሲነጉድ እኩል ደነገጥን፤ ሁለታችንም ዓይናችን ሶኬቱ ላይ ሄደ፤ ሁለታችንም አልነካነውም።