ከበር ጀርባ የተሰቀለው ዘንቢል

ወለጋ፣ ዲጋ በኖርኩባቸው ዓመታት ባዶ እጄን ከቤት ወጥቼ አላውቅም። ከበሩ ጀርባ ምስማር ላይ አንድ ዘንቢል ተሰቅሎ ነበር። ውኃ ለመቅዳት ካልሆነ በቀር ያለ እሱ ከደጃፌ አልርቅም። ባሌ ይስቅብኛል።

«ገበያ ነው የምትሄጂው ወይስ ስደት?»

እሱ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው። የትም ቢገባ «መምህር» ብለው ወንበር ይስቡለታል። እኔ ከጎጃም ተከትዬው የመጣሁ ልጅ ያዘልኩ ሴት ነኝ። ለኔ ወንበር የሚስብ አልነበረም።

በዘንቢሉ ውስጥ የነበረውን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። በላስቲክ የተጠቀለለ ክብሪት ነበር፤ የወለጋ ዝናብ ሳይታሰብ ይመጣል። በጨርቅ የተቋጠረ ጨው ነበር፤ በጾም ቀን ሰው ቤት ከዋልኩ ቅቤ ያልነካው ጎመን በጨው እበላለሁ፣ ማንንም አላስቸግርም። ለልጄ መለወጫ ጨርቅና በትንሽ ጠርሙስ ጸበል ነበር። ከሁሉ ሥር ደግሞ ደብዳቤው።

ደብዳቤውን ትምህርት ቤቱ ነው የጻፈው። ክብ ማኅተም አርፎበታል። እኔ የመምህሩ ሚስት፣ ልጄም የመምህሩ ልጅ መሆናችንን ይመሰክራል። ነቀምት ያለው ሕክምና ቤት የመንግሥት ሠራተኛ ቤተሰብን የሚያየው በዚያ ደብዳቤ ነው። የልጄ ካርድም አብሮት ታጥፎ ተቀምጧል።

ያንን ወረቀት እጠላው ነበር። ባገሬ ስሜን የሚጠይቀኝ ሰው የአባቴን ስም ቀድሞ ያውቀዋል። የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ ማን ክርስትና እንዳነሳኝ፣ በየትኛው ደብር እንደተዳርኩ አገር ያውቃል። እዚህ ግን ልጄን የወለድኳት እኔ ለመሆኔ ማኅተም ይመሰክርልኛል። ዘንቢሉን ባወረድኩ ቁጥር ያ ነገር ያናድደኝ ነበር። ቢሆንም ትቼው አልወጣም።

ጎረቤቴ በዕድሜ እናቴ ሊሆኑ የሚችሉ ያገሩ ተወላጅ ነበሩ። እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ «አዴ» እላቸዋለሁ፤ እመቤት እንደ ማለት ነው። እሳቸው «ኢንተለኮ» ይሉኛል፤ ልጄ ማለታቸው ነው። እሳቸው የወንጌል ምእመን፣ እኔ የማርያም ጽዋ ጠጪ። በጸሎት ቤት አንገናኝም፤ በአጥር በኩል ግን በቀን አሥር ጊዜ እንገናኛለን።

ሰኔ ላይ፣ የሐዋርያት ጾም በገባ ሰሞን፣ አዴ ሩቅ መንደር ለቅሶ ሊደርሱ ተነሡ። ለሐዘንተኞቹ ቂጣና ቆሎ አሰናድተዋል። ዘንቢላቸው ግን ታቹ ተቀዷል።

«ያንቺን ልያዘው?» አሉኝ በአጥሩ በኩል።

«ይውሰዱት እንጂ፣ አዴ።»

ከነዕቃው አንስቼ ሰጠኋቸው። ልማዳችንን የማያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይፈርድብኛል። ዕቃ ሊዋስ በመጣ ሰው ፊት ውስጡን እየዘረገፉ ማውጣት እኛ ዘንድ ነውር ነው። አላምንሽም ማለት ይሆናል። የኔ ከሥር ይቀመጣል፣ የሳቸው ከላይ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ መለሱልኝ። ባዶውን አይደለም። የተዋሱትን ዕቃ ባዶውን መመለስ በሳቸውም ዘንድ በኔም ዘንድ አይደረግም። ድንች የሚመስለውን የወለጋ ሥር፣ አንጮቴ፣ እስከ አፉ ሞልተውበታል። ከጓሯቸው አሁን የተቆፈረ ነው፤ አፈሩ እንኳ አልተራገፈም።

«ጾመኛ ነሽ፤ ቀቅለሽ በጨው ብዪው» አሉኝ።

አመሰገንኳቸው። ለራት የሚበቃኝን አውጥቼ የቀረውን ከነዘንቢሉ ሰቀልኩት። የኔ ዕቃ ከሥር ያለ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ቀን በኋላ ማለዳ ልጄን ትንፋሽ አጠራት። አሥር ወሯ ነው። ስትተነፍስ ጎኗ ይሰረጉዳል፣ አፍንጫዋ ይርገበገባል። ባሌ ለፈተና ሥራ ጊዳ አያና ተልኮ ነበር። አዴም ማሳቸው ወርደዋል። ልጄን አዘልኩ፣ ዘንቢሉን ከምስማሩ አወረድኩ፣ ወጣሁ። ከብዶኝ ነበር፤ የተረፈው አንጮቴ ነው ብዬ ዞር ብዬ አላየሁትም። መንገድ ዳር ላለው ባለሱቅ «ነቀምት ሕክምና ቤት ሄደች ብለህ ለአዴ ንገርልኝ» አልኩት። ቡና የጫነ መኪና ቆመልኝ። ሹፌሩ ጋቢና አስገባኝ፤ እግዚአብሔር ይስጠው። መንገዱን ሙሉ የልጄን ትንፋሽ ስቆጥር ሄድኩ።

የካርድ መስኮቱ ጠባብና ዝቅ ያለ ነበር። ሰው ካላጎነበሰ ጸሐፊውን አያየውም። እንድናጎነብስለት ብለው የሠሩት ይመስለኛል። ከፊቴ አንዲት ሴት ወንድ ልጇን ታቅፋ ቆማለች።

«ስምሽ ማነው?» አላት ጸሐፊው።

በኦሮምኛ መለሰችለት።

«በአማርኛ!»

ያልሰማት መስሏት ጮክ ብላ ደገመችለት።

«ዞር በይ፤ ሰው ይለፍ። አስተርጓሚ ይዘሽ ነይ።»

በእጁ ገፋ ገፋ አደረጋት። ሄዳ ግድግዳው ሥር ተቀመጠች። እውነቱን ልጻፍ፤ ያን ጊዜ ያሰብኩት ተራዬ መድረሱን ብቻ ነው።

አጎንብሼ ሰላምታ ሰጠሁት። አነጋገሬን ሰምቶ ቀና አለ።

«ጎጃም ነሽ?»

«አዎን፣ ጌታዬ።»

«ያገሬ ልጅ ነሻ! በይ ደብዳቤሽን።»

ልቤ አረፈ። እጄን ዘንቢሉ ውስጥ ሰደድኩ። አንጮቴ ነው። ጠለቅ አደረግኩ። አንጮቴ። ከሥር የነካሁት አፈር ነው። ደንግጬ ዘንቢሉን መሬት ላይ ዘረገፍኩት። አንጮቴው በሰው እግር መካከል ተንከባለለ። ሰው ሳቀ።

«ማነው የታመመው?» አለኝ በመስኮቱ እያየ። «አንጮቴው ነው?»

«ልጄ ናት። ትንፋሽ አጥሯታል። ወረቀቱ ቤት ቀርቶብኝ ነው። ባለፈው ወር እርስዎ ራስዎ አይተውታል።»

«ያለፈው ወር አለፈ። ማኅተም አምጪ።»

«እስክመለስ አትቆይልኝም። ያገሬ ልጅ አላሉኝም?»

«ላገር ልጅ ሁሉ ካርድ ላድል ነው? በስድስት ሰዓት እዘጋለሁ። ሐኪሙም ከሰዓት በኋላ የለም። ቀጥሎ!»

አምስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ዲጋ ደርሼ የምመለስበት ጊዜ የለም። ሄጄ ከዚያች ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። ሴትዮዋ አንጮቴዬን አንድ በአንድ ለቅማ ዘንቢሉ ውስጥ መለሰችልኝ። ከዚያ መዳፏን በልጄ ጀርባ ላይ አሳርፋ አዳመጠች፣ ከንፈሯን መጠጠች። የሷ ልጅ ዓይኑን አይገልጥም።

የዚያን ጊዜ ንዴት እስከ ዛሬ አልወጣልኝም። በጸሐፊው ተናደድኩ። ሳላየው አንስቼ በመምጣቴ በራሴ ተናደድኩ። ከሁሉ ይልቅ ዕቃዬን አውጥተው አንጮቴ በሞሉበት በአዴ ተናደድኩ። ልጄ በሳቸው ምክንያት ልትሞትብኝ ነው አልኩ። ጸበሉ እንኳ ከቀረው ዕቃዬ ጋር ቀርቷል። ባዶ እጄን ዘርግቼ «እመቤቴ፣ አንቺም እናት ነሽ» አልኩ።

ብዙም አልቆየም፣ አዴ በበሩ ገቡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ባለሱቁ ቢነግራቸው ከማሳቸው ሳይታጠቡ ነው የተነሡት። ግማሹን መንገድ በእግራቸው፣ ግማሹን በመኪና መጥተዋል። በሻሻቸው የቋጠሩትን ዕቃዬን በብብታቸው ይዘዋል። የጸበሉን ጠርሙስ ግን ለብቻው በእጃቸው ቀጥ አድርገው ነው የያዙት። ክዳኑ ላልቶ ነበር፤ እንዳይፈስ ነው።

እኔ ግን ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም።

«ልጄን ሊገድሉብኝ ነበር!» ብዬ ጮህኩባቸው። «ዕቃዬን አውጡ ማን አለዎት?»

የግቢው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞረ።

«ታዲያ ጭቃ አንጮቴ ወረቀትሽ ላይ ልዘርግፍ ኖሯል?» አሉኝ ቁና ቁና እየተነፈሱ። «እንዳይቆሽሽብሽ ብዬ ለብቻው ቋጥሬ ቤቴ ሰቀልኩት፣ መመለሱን ረሳሁት። በኋላ ትጮኺብኛለሽ፣ ኢንተለኮ። አሁን ወረቀቱን ለሰውዬው ስጪው።»

ሰጠሁት። ማኅተሙን አየ፣ ካርዱን መዘገበ። ሐኪሙ ልጄን አዳምጦ የሳንባ ምች ነው አለ፤ መርፌ ተወጋች። አልቅሳ ስትጨርስ ጡት ያዘች። ተመስገን አልኩ።

ከሐኪሙ ክፍል ስወጣ ያቺ ሴት ከነልጇ እዚያው ግድግዳው ሥር ናት። አዴ ጎንበስ ብለው ያነጋግሯታል።

«ከሩቅ፣ ከአኖ በኩል ነው የመጣችው። ልጁ ከታመመ ሦስት ቀኑ ነው» አሉኝ። «አስተርጓሚ አምጪ ተብላለች። አንቺ ሐኪሙ ጋ ስትገቢ እኔ ልሁናት ብዬ ሞክሬ ነበር፤ የኔን አማርኛ አልሰማም አለ። ያንቺን ይሰማል። ሂጂ ንገሪው።»

ቤቴ መግባት ነበር የፈለግኩት። ደግሞ እንዳያባርረኝ ፈራሁ። ነገር ግን ጸሐፊውን ቅዳሜ ገበያ አይቼዋለሁ፤ ከማር ሻጮች ጋር በኦሮምኛ ሲከራከር፣ ሲያስቃቸው። እሱ ትዝ አለኝ። እኔ በሰው አገር ነኝ፤ ወረቀት ብጠየቅም እንግዳ ነኝ። ይቺ ሴት ግን ተወልዳ ባደገችበት አገር ስሟን በቋንቋዋ ስለተናገረች ተባረረች። ፍርሃቴ ጠፋ። መስኮቱ ጋ ሄጄ አጎነበስኩ።

«የሷ አስተርጓሚ ነኝ» አልኩት።

«አንቺ? ኦሮምኛ ትችያለሽ?»

«አልችልም። እሳቸው ለኔ ይነግሩኛል፣ እኔ ለእርስዎ።»

«ትቀልጂያለሽ? መዝጊያ ሰዓቴ ነው።»

«ቅዳሜ ማር ሲገዙ አስተርጓሚ አልያዙም ነበር።»

ከኋላዬ አንዷ ያልኩትን በኦሮምኛ ለሌሎቹ ነገረቻቸው መሰለኝ፤ ሳቁ ከሰው ወደ ሰው እየሄደ ግቢውን ዞረ። ጸሐፊው ፊቱ ቀላ። መዝገቡን ሳበ። ስሟን ሲጠይቅ እኔ ለአዴ፣ አዴ ለሴትዮዋ፤ መልሱም በዚያው መንገድ ተመለሰ። ለአንድ ስም ሦስት ሴቶች ለፋን። እሱ ሁሉንም ከመጀመሪያው ሰምቶታል። ካርዱ ተጻፈ፤ ልጇን ይዛ ገባች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም፤ ልጁ ይዳን አይዳን አላውቅም።

ስንመለስ ዝናብ ጀመረ። ከመኪናው ወርደን ወደ ሰፈራችን ስንሄድ «አዴ፣ ስለ ጮህኩብዎ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው።

«ጮኸሽ ነበር? የሰማሁትም የለ፤ ጆሮዬ ጭቃ ገብቶበት ነበር» አሉኝ።

ልጄ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት። ለእግዚአብሔር ምስጋናዬ አያልቅም። ያንን መስኮት ግን ይቅር ማለት አቅቶኛል። ለንስሐ አባቴ ተናዝዣለሁ፤ «ተይው» ብለውኛል። እሺ አልኳቸው እንጂ አልተውኩትም።

ከዚያ ቀን በኋላም፣ ዲጋ እስከነበርኩ ድረስ፣ አዴ ዘንቢሉን ብዙ ጊዜ ተውሰውኛል። እንደ ድሮው ከነዕቃው ነው የምሰጣቸው። ሲመልሱልኝ አንጮቴው ታጥቦ ከሥር ይሆናል፤ ጸበሉ ጥግ ላይ ይቆማል፤ ደብዳቤው በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከሁሉ በላይ ይቀመጣል። አስረክበውኝም ዝም ብለው አይሄዱም።

«ክፈቺና እዪው» ይሉኛል አጥሩን ተደግፈው። ከፍቼ እስካይ ድረስ አይንቀሳቀሱም ነበር።