ማር የተቀባ ራስ

ራሴ ስለቆሰለ ከትምህርት ቤት አባረሩኝ። መምህሩ «ወደ ሌሎቹ ልጆች ይጋባል» አለ፤ በቃ። ፊደል የቆጠርኩት ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው።

ዛሬ ሺሺንዳ ገበያ አንዲት ሴት የማር ባልዲ ስትከፍት ሽታው ያዘኝና ቆጭቶ የሚባለው አጎቴ ድቅን አለብኝ። ያኔ ራሴ መግል ይዞ፣ ፀጉሬ በእፍኝ እየተነቀለ፣ የሚነካኝ ሰው አልነበረም። እሱ ግን ጫካ ከሰቀለው ቀፎ ማር ቆርጦ ሲመለስ በጉልበቶቹ መሃል ያስቀምጠኝና ጭስ ጭስ በሚሸት ጣቱ ራሴን ማር ይቀባኛል። ንቦቹ ተከትለውት መጥተው ይከቡኛል።

«አጎቴ፣ ሊነድፉኝ ነው!»

«አርፈህ ተቀመጥ አንተ! ንብ ያልተጸየፈውን ራስ አስተማሪ ይጸየፈው?»

ይስቅና እንደገና ይቀባኛል።

ፀጉሬ ግን ሳይበቅል በዚያው ቀረ። ቦንጋ ያለች ሐኪም ጠባሳውን አይታ፣ «ጋሼ፣ ባክቴሪያ የፀጉሩን ሥር አቁስሎት ነው፤ ሰው ላይ የሚጋባ አልነበረም» አለችኝ። የዳበሰችኝ በጓንት ነው። አጎቴ ይህን ሳይሰማ ሞተ፤ መምህሩም ሞቷል። ከሐኪሟ አፍ ፍርዴ የወጣው ባለፈው ዓመት፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት ነው።