ዶክተር ታፈረ እና ከገላባት ማዶ የሚመጡት መጽሔቶች

ዛሬ ጠዋት «ዶክተር ታፈረ አረፉ» ብላ ልጃቸው ስትደውልልኝ፣ «የትኛው ታፈረ?» አልኳት። እኔን ብሎ ጠያቂ! ሌላ ታፈረ የማውቅ ይመስል። አሁንም አላመንኩም። ቁጭ ብዬ የምጽፈውም እንባዬ አልወጣ ብሎኝ ነው።

ለማታውቋቸው፦ በደርግ ጊዜ መተማ ዮሐንስ ነርስ ሆኜ ስመደብ ሐኪማችን እሳቸው ነበሩ። ሙቀቱ አያስቀምጥ፣ ወባው ፋታ አይሰጥ፣ በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ ደግሞ ከጎጃምና ከወሎ የመጣው የቀን ሠራተኛ የጤና ጣቢያችንን ግቢ ይሞላዋል። ሰውዬው በዚያ ሁሉ መሃል የዓለምን የካንሰር ምርምር ይከታተሉ ነበር። እውነቴን ነው።

ካርቱም የሚኖር የትምህርት ጓደኛቸው አንብቦ የጨረሳቸውን የሕክምና መጽሔቶች በሱዳን የገዳሪፍ ሾፌሮች እጅ፣ በገላባት ድንበር በኩል ይልክላቸዋል። ወራት የዘገየ፣ ዓመት ያለፈው፣ አንዳንዱም ዘይት የጠጣ።

አንድ ቀን የኬላው ጠባቂ አገላብጦ አገላብጦ፣ «ጓድ ዶክተር፣ ይኼ የማን ፖለቲካ ነው?» አላቸው።

«የነቀርሳ» አሉት።

«እሱ ከሆነስ ይውሰዱት፤ እኛ ሌላ ጠላት አለብን!» ብሎ አሳለፋቸው። ስንት ጊዜ ስቀንበታል።

መጽሔቱን እንደ ሌላው ሰው አያነቡትም። ጽሑፎቹን በየበሽታው ይለዩና እንደወጡበት ዓመት ጠረጴዛው ላይ ይደረድሯቸዋል። ከዚያ ቆመው ያያሉ። ድሮ ስለ ቀዶ ሕክምና ቢላ ብቻ ይጻፍ የነበረው ቀስ በቀስ ወደ መድኃኒት ሲዞር ካዩ ፊታቸው ይበራል። «ሲስተር፣ አንዱን ብቻ አትመኚ፤ ሁሉም ወዴት እየሄዱ እንደሆነ እዪ» ይሉኛል። እኔ በሆዴ «መተማ ቁጭ ብሎ ይኼ ምን ይሠራል?» እል ነበር።

ከዚያ የልጄ የደሳለኝ መንጋጋ አበጠ። ገና ትንሽ ልጅ ነበር። ሰዉ ሁሉ ጥርስ ነው አለ፤ እኔም ነርሷ ጥርስ ነው አልኩ። ሊነቀልለት ተወስኖ ሳለ እብጠቱ ዓይኑን ወደ ላይ ይገፋው ጀመር። ዶክተር ዳሰሱት፣ ወደ ጠረጴዛቸው ሄደው የደረደሯቸውን ጽሑፎች አገላበጡ።

«ጥርሱን እንዳታስነኪ። ይኼ እንደኛ ባለ ቆላ ልጆችን የሚይዝ ካንሰር ነው።»

ልጄን ወደ እቅፌ ሳብኩት። «ይሞትብኛል?»

«በድሮዎቹ ጽሑፎች ይቆርጡታል፤ ልጁም አይተርፍም። በኋለኞቹ ግን በመርፌ በሚሰጥ መድኃኒት የሚድኑት እየበዙ ነው። ተነሺ፣ ጎንደር እንሂድ።»

መጽሔቶቹን በነጠላዬ ጠቅልለን፣ ሰሊጥ በጫነ መኪና ሄድን። የጎንደሩ ሐኪም ከሳቸው ጋር አጎንብሶ አነበበ። መድኃኒቱ ተገኘ፣ ተጀመረለት። ያ ድንጋይ የመሰለ እብጠት በቀናት ውስጥ ሟሸሸ። ነርስ ነኝ፣ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር ግን በዕድሜዬ አላየሁም። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ይዘው አነሱኝ። «እኔን ተዪኝ» አሉ፣ «ይኼን ደክመው ያገኙት ሰዎች መተማ የምትባል አገር መኖሯንም አያውቁ።»

ይኼ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። የማናውቀው ሰው የጻፈው ነገር በረሃ አቋርጦ ልጄ ዘንድ ደረሰ። ቢደርስስ፣ የሚያነበው ባይኖር ምን ይውጠን ነበር?

ዶክተር፣ ነገ ቀብርዎ ላይ ነኝ። ደሳለኝም አብሮኝ ይመጣል። የልጆች አባት ሆኗል፤ ትከሻው እንደሆነ በር አይበቃውም። «ከሚሸከሟቸው አንዱ እኔ ነኝ፤ ማንም አይቀድመኝ» ብሏል።

ደህና ይሁኑ፣ አባቴ። ልጄ ቀስ አድርጎ ይሸከምዎታል።