የአባዬ መኪና፣ የእማዬ ጆሮ

አባዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት ሠርቷል። ትልቁን ማሽን የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነበር። ማሽኑ ሲነሳ ሕንጻው ሁሉ ስለሚንቀጠቀጥ ሠራተኞቹ የሚግባቡት በእጅ ምልክት ነው፤ መዳፍ ወደ ላይ ከሆነ ጨምር፣ ጡጫ ከሆነ አቁም። በዚያ ሁሉ ጩኸት መሀል ግን አባዬ የማሽኑን ሕመም በድምፁ ይለይ ነበር። "ሦስተኛው ሮለር ደርቋል" ይልና ያስቆመዋል፤ ሲፈታ እውነትም ሦስተኛው ነው። ባልደረቦቹ "ጆሮ" የሚል ስም አወጡለት። አለቃው ሳይቀር "እስቲ ጆሮን ጥሩልኝ" ነበር የሚለው።

ማተሚያ ቤቱ ወደ አዲስ ሕንጻ ሲዛወር አሮጌውን መጋዘን የማጽዳት ሥራ ለእሱ ደረሰው። ከተቆለለው የወረቀት ቁርጥራጭ ጀርባ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ የሸራ ጣሪያዋ ወደ ኋላ የሚታጠፍ፣ የድሮ የስፖርት መኪና ተቀምጣ አገኘ። የማተሚያ ቤቱ ሟች ባለቤት የወጣትነት መኪና ናት። ጣሪያዋ ተበጣጥሶ አልቋል። መቀመጫዋ ውስጥ አይጥ ወልዶበታል። ወለሏን ዝገት ስለበላው ውስጧ ተቀምጦ ሲሚንቶውን ማየት ይቻላል። አባዬ ለባለቤቱ ልጅ ደወለ። ልጅየው ሳቀ። "ይውሰዷት፤ እንዲያውም ቦታውን ካስለቀቁልኝ የማመሰግነው እኔ ነኝ" አለው።

በጭነት መኪና ተጭና ስትመጣ ትዝ ይለኛል፤ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። እማዬ ልብስ ሰፊ ናት፤ የምትሰፋበት ክፍል መስኮቱ ወደ ግቢው ነው። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች፣ ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ወጣች። ስፒሎቹን አንድ በአንድ አውጥታ ቀሚሷ ላይ ሰካቻቸው። ስፒል ከአፏ ስታወጣ ነገር አለ ማለት ነው።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"መኪና።"

"መኪና ተነድቶ ነው የሚመጣው። ይኼ ተሸክመውት ነው የመጣው።"

"ትነዳለች።"

"መቼ?"

አባዬ ሰማይ ሰማይ አየ።

"አንተ ሰውዬ" አለች እማዬ፣ "በዚህ ዕድሜዬ ጣውንት ታመጣብኝ?"

ከዚያን ቀን ጀምሮ የመኪናዋ ስም "ጣውንቴ" ሆነ። ጎረቤቶች ደግሞ ጣሪያ ስለሌላት "ገንዳው" ይሏታል። አባዬን መንገድ ላይ ሲያገኙት "ገንዳው ገና ውሃ አልሞላም?" ብለው ይስቁበታል። እሱም አብሯቸው ይስቃል። አባዬን ማናደድ እንዲህ ቀላል አልነበረም።

ሥራው ስድስት ዓመት ፈጀ። ከማተሚያ ቤት ሲመለስ ልብሱን ቀይሮ በቀጥታ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ወዳለችው መኪና ይሄዳል። ወለሏን ቆርጦ በአዲስ ቆርቆሮ በየደው። ሰማያዊውን ቀለም ሲፍቅ ከሥሩ ጥቁር አረንጓዴ ቀለም ብቅ አለ፤ "የትውልድ ቀለሟ ይኼ ነው" ብሎ ለሁለት ቀን ሲደሰት ከረመ። መቀመጫዎቿ እኔ መኝታ ክፍል ገቡ። መሪዋ ከቁም ሳጥን በላይ ተሰቀለ። አንድ ጊዜ ቀለም የቀባቸውን ትናንሽ ብረቶች ቶሎ እንዲደርቁለት የኩሽናው ምድጃ ውስጥ ከተታቸው፤ ለአንድ ሳምንት ሙሉ ዳቦአችን ቀለም ቀለም ሲል ሰነበተ።

ትልቁ ጠብ ግን በቁልፍ ነበር። እኛ ቤት ቁልፍ ሲባል ሦስት ነገር ነው፤ የበሩ ቁልፍ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ ብሎን መፍቻው ቁልፍ። አባዬ ከመኪናው ሥር ሆኖ "አንቺ፣ አሥራ ሦስት ቁጥሩን ቁልፍ አቀብዪኝማ" ይላል። እማዬ በመስኮቱ የሸሚዝ ቁልፍ ትወረውርለታለች። "ይኼ ስንት ቁጥር ነው?" ይላል። "የአንገት ነው" ትለዋለች።

ሞተሩ ለዓመታት ከመቆሙ የተነሳ ተጣብቆ ድንጋይ ሆኗል። አባዬ እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈትቶ በየቀዳዳው ዘይት ያንቆረቁርበታል፤ ማታ ማታ በረጅሙ ቁልፍ ሊያዞረው ይሞክራል። አሥራ ስምንት ቀን ንቅንቅ አላለም። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን "ተነቃነቀች!" እያለ፣ እጁ በዘይት እንደተነከረ፣ እማዬ ወደምትሰፋበት ክፍል ዘሎ ገባ። ውስጥ አንዲት ደንበኛ ቀሚሷን አንገቷ ላይ አድርጋ ገና እጅጌውን እየፈለገች ነበር። የጮኸችው ጩኸት እስከ ጎረቤት ተሰማ። አባዬ በመጣበት እግሩ ተመለሰ። እማዬ ግን ማታ ስትነግረኝ እንባዋ እስኪወርድ ትስቅ ነበር። "ልጅ የተወለደለት እኮ ነው የሚመስለው" አለችኝ።

በአምስተኛው ዓመት ገደማ አንድ ነገር ማስተዋል ጀመርን። አባዬ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ከፍ ማድረግ አበዛ። አንዱን ስንጠይቀው ሌላ ይመልሳል። እማዬ "እንግዳ መጥቷል" ስትለው፣ "ገንዳ ይበሏት፣ ምን ቸገረኝ" አላት። ሳቅን። እሱም የሳቅነው በቀልዱ መስሎት ሳቀ።

ከዚያ ሞተሩ ተገጣጥሞ አልቆ የሚነሳበት ቅዳሜ መጣ። እማዬም ሥራዋን ጥላ ወጣች። አባዬ ገብቶ ተቀመጠ፤ አስነሳ። ሞተሩ ተነሳ፤ ግን ይንተባተባል። ሁለት ጊዜ ይሄድና ይደናቀፋል፤ ትንሽ ይቆይና "ጧ!" ይላል። እኔ ጆሮዬን ያዝኩ። አባዬ ግን መሪዋን ይዞ ፊቱ በርቷል።

"ሰማችሁ?" አለን፤ "እንደ ሰዓት!"

እማዬ እኔን አየችኝ፣ እኔ እሷን አየኋት። "ሰምተናል" አለችው።

እውነቱን የነገረው ጓደኛው ነው። ከቅጥነቱ የተነሳ "ፒንሳ" የሚባል መካኒክ ወዳጅ አለው፤ በማግስቱ መኪናዋን ሊያይ መጣ። ገና ከመነሳቷ ፊቱን አጨፈገገ።

"ወንድሜ፣ ይቺ ልጅ ታነክሳለች እኮ። አንዱ ካርቡራተር ይስባል፣ አንዱ ተኝቷል። አይሰማህም እንዴ?"

አባዬ ሞተሩን አጠፋ። በጨርቅ እጁን መጥረግ ጀመረ። እያንዳንዱን ጣት ለየብቻው ጠረገ።

"አይሰማኝም" አለ።

ፒንሳ ምን እንዳደረገ ያኔ ገባውና "በአንድ ሰዓት አስተካክልልሃለሁ፣ ምን አላት" አለው። አባዬ ራሱን ነቀነቀ። "ተዋት፣ ትቆይ።" ያን ቀን መኪናዋን አንሶላ አልብሷት ገባ። ሦስት ወር አልነካትም።

አንዲት የጆሮ ሐኪም ዘንድ አብሬው ሄጄ ነበር። ማሽኑ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ቀስ እያለ የበላው ጆሮ እንደማይመለስ ነገረችው። የመስሚያ መሣሪያ ሰጠችው። "ለንግግር ይረዳዎታል፤ የድሮውን ጆሮዎን ግን አይመልስልዎትም" አለችው። እውነቷን ነው። ሰው ፊት ለፊት ሲያወራው ይሰማል፤ ሞተር ግን "ጣሳ ውስጥ ያለ ጠጠር" ነው የሚመስለው። ማታ ሻዩን ይዞ በመስኮት አንሶላዋን ያያል። ጎረቤቶች ስለ ገንዳው ሲጠይቁት መሳቅ ትቷል።

ከዚያ አንድ ጠዋት፣ የስፌት ማሽኑ ድምፅ በመሀል ቆመ። እማዬ ወደ ግቢ ወጥታ አንሶላውን በአንድ እጇ ገፈፈችው። አባዬ እየሮጠ ወጣ።

"ምን ሆነሻል?"

አገጩን ይዛ ፊቱን ወደ ራሷ አዞረች፤ ከንፈሯን እንዲያይ።

"አስነሳት።"

"ምን ያደርግልሻል?"

"የማሽኔ መርፌ ሊሰበር ሲል ቀድሞ የሚያውቀው ማነው? እኔ ነኝ። ያንተ ሥራ በጆሮ የሚሠራ ከሆነ ጆሮ እዚህ አለ። ያቺን ቱቦ አምጣት።"

ቱቦ ያለችው ክንድ የምታህል የላስቲክ ቱቦ ናት። ሞተሩ ነዳጅና አየር የሚያቀላቅሉለት ሁለት ካርቡራተሮች አሉት፤ ሁለቱ እኩል ካልተነፈሱ ያነክሳል። የቱቦውን አንድ ጫፍ ጆሮ ላይ፣ ሌላውን ጫፍ ካርቡራተሩ አፍ ላይ አድርጎ የሁለቱን ትንፋሽ ማነጻጸር ነው፤ ከዚያ በብሎን ማስተካከል። አባዬ ማሽን የሚያውቀው ዕድሜ ልኩን እንዲህ በጆሮ ነው።

እማዬ ትራስ አስቀምጣ ተንበረከከች። ቱቦውን ጆሮዋ ላይ አደረገች። አባዬ ብሎን መፍቻውን ይዞ ከንፈሯን ያያል።

"ምን ይላል?"

"ይኼኛው ይተነፍሳል። ያኛው ያለቅሳል።"

"እንዴት ነው የሚያለቅሰው?"

"እንደ እናትህ። ሰው ሲያያት ይብስባታል።"

አባዬ ከሦስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ ሰማሁት። ከዚያ ማውራቱ አስቸገራቸውና የማተሚያ ቤቱን ምልክት አስተማራት። መዳፍ ወደ ላይ፣ ጨምር። ወደ ታች፣ ቀንስ። ትንሿ ጣት፣ ሩብ ዙር ብቻ። እሷ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች፣ እጇ ይናገራል፤ እሱ እጇን እያየ ብሎኑን ያዞራል። እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ ሳያቸው ለስንት ጊዜ እንደቆዩ አላውቅም። ብቻ በመሀሉ መንተባተቡ እየቀነሰ ሄዶ ሞተሩ አንድ ወጥ ሆነ። እማዬ ጡጫዋን ጨበጠች።

"አሁን እንደ ሐር ነው" አለችው።

አባዬ መዳፉን ኮፈኑ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ፊቱን አዙሮ፣ በእጁ የያዘውን መፍቻ ይፈልግ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። ጣሪያዋን የሰፋችው እማዬ ናት። አባዬ ልኬቱን ወረቀት ላይ ጽፎ ሲሰጣት አላመነችውም። "ልብስ በወሬ አይሰፋም" አለችና ወፍራሙን ሸራ መኪናዋ ላይ ዘርግታ፣ በጠመኔ አስምራ፣ በስፒል ያዘችው። "ትንፋሽሽን ያዢ" ትላታለች መኪናዋን፣ ደንበኛ እንደምትለካ። የመጀመሪያው ጠበበና አልዘጋ አለ። እማዬ ፈታ እንደገና ሰፋችው። ሁለተኛው እንደ ጓንት ገባ።

በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚነዳው አባዬ ነበር። አንድ ቀን ግን ከኋላቸው የጭነት መኪና ክላክሱን እየነፋ ሲከተላቸው እሱ ዘና ብሎ መሀል መንገድ ይዞ ይሄዳል፤ እማዬ ክንዱን ጎትታ ነው ጥግ ያስያዘችው። ቤት ሲደርሱ ሞተሩን አጥፍቶ ትንሽ ተቀመጠ። "አንቺ ተማሪ" አላት። ክርክር አልነበረም። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ተመዘገበች። አስተማሪው "ማዘር፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለው ይልቀቁት" ሲላት፣ "ልጄ፣ ይኼ እግር አርባ ዓመት የስፌት ማሽን ፔዳል ላይ ነው የኖረው" አለችው። ፓርኪንግ ላይ አንዴ ወደቀች፤ በሁለተኛው አለፈች።

አሁን አባዬ ጡረታ ወጥቷል። ዘይት የሚቀይረው፣ ፍሬን የሚያየው፣ ዝገት የሚያባርረው እሱ ነው፤ የሚያዳምጠውና የሚነዳው እሷ ናት። አጠገቧ ሲቀመጥ የማይቻል ሰው ነው። በሌለ ፔዳል ፍሬን ይይዛል።

ባለፈው ዓመት ትርፍ አንጀት ታምሜ ቀዶ ሕክምና ተደርጎልኝ ነበር። ከሆስፒታል የምወጣ ቀን ሁለቱም ሊወስዱኝ መጡ። መኪናዋ ታጥባ፣ ተወልውላ በሩ ላይ ቆማለች። እነሱም ለብሰዋል። በሯን ከፍተን ቆምን። አንድ፣ ሁለት መቀመጫ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ሰው። ሦስታችንም መቀመጫዎቹን እንደገና ቆጠርን።

"ከቤት ስንወጣ አላሰብነውም" አለች እማዬ።

"እኔ በታክሲ እከተላችኋለሁ" አለ አባዬ።

እማዬ እንዳይነፍስብኝ ጣሪያውን ዘግታ፣ እንደ እንቁላል ይዛኝ ነዳች። በመስታወቱ ወደ ኋላ ባየሁ ቁጥር ያቺው ታክሲ ከኋላችን ናት። መንገዱ ባዶ ሆኖ እንኳ አትቀድመንም።

ቤት ስንደርስ አባዬ ከታክሲው ወርዶ ቆመ። ሾፌሩ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ እየሳቀ ለእማዬ፣ "አባባ እንድቀድም አልፈቀዱልኝም፤ 'ድምጿ እንዴት ነው? ድምጿ እንዴት ነው?' እያሉ ነው የመጡት" አላት።

"ስትሄድ አይቻት አላውቅም ነበር" አለ አባዬ፣ ለማንም ሳይሆን። "ሁልጊዜ ውስጧ ነኛ። ስትታጠፍ አያችኋት? እንዴት አድርጋ ነው የምትታጠፈው!" ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። "የግራ የፍሬን መብራቷ ግን ደብዝዟል" ብሎ ወደ መሣሪያ ሳጥኑ ሊሄድ ሲል እማዬ እጅጌውን ያዘችው።

"አምፖሉ ይደርሳል። መጀመሪያ ልጅህን ደግፋት።"

ደገፈኝ። ደረጃውን ስንወጣ ግን ሁለት ጊዜ ዞሮ አያት።